አንድ በመቶ

በአስተሰርዮ ቀን መኪና አይነዳም።
ሌላ ጊዜ የፋብሪካ ካሚዮን የሚያጓራበት መንገድ
ለልጆች ይለቀቃል፤
ከዓራድ መውጫ ምልክት እስከ ነዳጅ ማደያው
አስፋልቱ በብስክሌት ደወል ይሞላል።

ሰባት ዓመቴ ነበር። ብስክሌቱ የጎረቤት፣
ኮርቻው የረዘመብኝ፣ ፍሬኑ የላላበት።
አባቴ ጎሹ ጾመኛ ነው፣ ነጭ ለብሷል፤
በተቀደሰ ቀን ብረት በእጁ አይነካም።
«አንቺ ልጅ ነሽ፣ ንጂ። እኔ ግን አልይዝሽም።
ነይ፣ እዚህ ጋ ቁሚ። የለም፣ እዚህ ጋ።
ፊትሽን ወደ ማደያው፣ ዓይንሽን ከጎማው አንሺ።
ሜዳ ነው፤ አትፍሪ።»
ፔዳሉን ረገጥኩ። ሄደ። ሄድኩ።
ከኋላዬ የላስቲክ ጫማው ቷ ቷ እያለ
እስከ ማደያው ሮጠ፣
ውሃ ባልቀመሰ አፉ እየሳቀ።

ከዚያ ወዲህ ያለው በቁጥር ነው የሚነገር፦
ዐሥራ አንድ ዓመት፣ አራት ቡድን፣
ሁለቴ የተሰበረ የአንገት አጥንት፣
ስንት የኮርቻ ቁስል፣ ስንት የሆቴል ሾርባ፤
ጀርባዬ ላይ በመርፌ ቁልፍ የተያዘ ወረቀት፣
አንድ መቶ አርባ ስድስት።
ኦስናት ጎሹ ማለት ለተናጋሪው ሲከብደው
የሚጠራኝ በእሱ ነው።

ሥራዬን ለእናቴ ማስረዳት አቃተኝ።
«አሸነፍሽ?» ትላለች በስልክ።
«አኔሊን አሸነፈች።»
«አንቺስ?»
«ውሃ አቀበልኩ።»
ዝም ትላለች። «ለዚህ ነው ያን ሁሉ አገር የምታቋርጪው?»

እንዴት ልንገራት፣
የነፋስ ግድግዳ መሆን ሙያ እንደሆነ፤
አንዷ ከኋላዬ ተጠግታ እንድታርፍ
ደረቴን ለቤልጅግ ዝናብ እንደምሰጥ፤
ወደ ቡድኑ መኪና ወደ ኋላ ቀርቼ
ሰባት ጠርሙስ ማሊያዬ ውስጥ ሸጉጬ፣
ከፊትም ከኋላም እንዳረገዘ ሰው
ዳገቱን እየሮጥኩ እንደምመለስ፤
ሰባተኛዋን ስሰጥ እግሬም አብሮ እንደሚያልቅ፤
መስመሩ ላይ ሌላዋ እጇን ስታነሣ
እኔ ከዐሥራ አራት ደቂቃ በኋላ፣ አጥሩ ሲፈታ፣
ከመንገድ ጠራጊዎቹ ጋር እንደምገባ።

ሳንባዬ ሲቃጠል ለራሴ የምላት ነበረች፦

  ዳገቱስ ዳገት ነው፣ አይዋሽም አቀበት፤
  ሜዳ መሳዩ ነው፣ ጉልበት የሚያልቅበት።

ዘንድሮ ውሌ አልታደሰም። ደብዳቤው ሦስት መስመር፣
ምስጋና አለበት፣
ስሜም አለበት፣ አንድ ፊደል ጎድሎት።

ዓራድ ገባሁ። አስተሰርዮ ደረሰ።
ብስክሌቴ በረንዳ ላይ ግድግዳ ተደግፎ ቀረ፤
አልነካሁትም፣ ለሃይማኖት እንኳ አይደለም፣
እግሬ ነው ዝም ያለው።
አባቴን ክንዱን ይዤ በእግር ወጣን።
የፋብሪካው ጨው ጉልበቱን በልቶታል፤
ልጆቹ በግራ በቀኝ እየጮኹ ያልፉናል።

ከመውጫው ምልክት ትንሽ እንደሄድን
ታፋዬ አንድ ነገር ነገረኝ።
ይህን ታፋ ማንም አይዋሸውም፤
ዐሥራ አንድ ዓመት መንገድ ሲዳኝ የኖረ ነው፤
የአንድ በመቶ ተዳፋት
ሻይ ውስጥ እንደገባች የጨው ቅንጣት ያውቃታል።
ቆምኩ። ወደ ማደያው አየሁ።

ቁልቁል ነው።

ውሃ ቢደፉበት ጥቂት የሚያመነታ፣
ኋላ ግን ወደዚያ እንጂ ወደዚህ የማይሄድ።
«የለም፣ እዚህ ጋ።»
በዋዜማው ከሥራ ሲመለስ ታየኝ፣
ከአውቶቡስ ወርዶ፣ ምሳ ዕቃውን አስቀምጦ፣
እንደ ውሃ ልክ ሠራተኛ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ
መንገዱን ሲያይ፤
እጁ የማይገፋኝን መሬቱ እንዲገፋኝ።

«አባዬ» አልኩት፣ «ይሄ መንገድ እኮ ቁልቁል ነው።»

ቆመ። ትንፋሹን ሰበሰበ። ከንፈሩ በጾም ነጥቷል።
ወደ ታች አየ፤ ወደ ላይ አየ።
«ሜዳ ነው» አለኝ።

ስንመለስ ግን
ክንዴ ላይ ከበድ አለኝ።